የዕፅዋት ዘይት በረሮን ያባርራል፤ ወዴት?

በረሮን በዕፅዋት ዘይት ማራቅ እንደሚቻል በገዛ ወጥ ቤቴ አይቻለሁ። የጠጅ ሳር፣ የባሕር ዛፍ፣ የናና እና የቅርንፉድ ዘይት እያፈራረቅሁ ሞክሬያለሁ፤ የትኛው የት ቦታ እንደሚሠራ፣ ምን ያህል እንደሚቆይና መቼ ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን ለይቻለሁ። ይህን የምጽፈው በኮንዶሚኒየም ለምትኖሩ፣ በተለይም ቤታችሁ ውስጥ ሕፃን ወይም አስም ያለበት ሰው ኖሮ መርዝ መርጨት ለምትፈሩ ነው። ፍርሃታችሁ ትክክል ነው። ዘይቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያወራለት በረሮን ከቤት ጠራርጎ የሚያጠፋ ነገር አይደለም። የሚሠራው ሥራ አንድ ነው፦ በረሮው የተቀመጠበትን ቦታ ትቶ እንዲሄድ ያደርጋል። ወዴት እንደሚሄድ አስቀድማችሁ ካላሰባችሁበት የሚሄደው እናንተ ወደማትፈልጉት ቦታ ነው።

ቤቴን ልግለጽላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁና። አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ። ወጥ ቤቱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያቆምም። ከጎኑ መታጠቢያ ቤቱ አለ፤ በሁለቱ መካከል ከምድር እስከ ላይኛው ፎቅ የሚወጣ የቧንቧ መተላለፊያ አለ። ቧንቧዎቹ ግድግዳውን በስተው የሚገቡበት ቀዳዳ በሲሚንቶ ሳይደፈን ነው ቤቱን የተረከብነው። ከሥራችን ያለው ጎረቤት ሽንኩርት ሲያቁላላ ሽታው በዚያ በኩል ወደ እኛ ይወጣል። ሽታ በሚያልፍበት በረሮም ያልፋል።

ልጄ አስም አለበት። የሚከታተለው ሐኪም ስለ ቤታችን ሲጠይቀኝ ከአቧራና ከሻጋታ ቀጥሎ ያነሣው በረሮን ነበር። የበረሮ ኩስ፣ ምራቅና የጣለው ቅርፊት ደርቆ ከአቧራ ጋር ሲነሣ አስም ያለባቸውን ሕፃናት ክፉኛ እንደሚቀሰቅስባቸው ያስረዳኝ እሱ ነው። "እንግዲያው መድኃኒት ላስረጭ?" ስለው፣ "የሚረጨውም ሲተነፍሰው ያስነሣበታል፤ ልጁ ባለበት ቤት አይሁን" አለኝ። በረሮውንም መተው አይቻልም፣ መርጨትም አይቻልም ማለት ነው። ወደ ዕፅዋት ዘይት ያመራሁት በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ዘይቱ ከመግባቴ በፊት ግን አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልችልም። በየገበያው በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ "ለበረሮ፣ ለትኋን፣ ለቁንጫ" ተብሎ የሚሸጥ ፈሳሽ አለ። ጠርሙሱ ላይ ስም የለም፣ መጠን የለም፣ ማስጠንቀቂያ የለም። ይህ ብዙውን ጊዜ ለእርሻ ከመጣ የተባይ ማጥፊያ የተቀነሰ ነው። ማሳ ላይ ፀሐይና ዝናብ የሚያመክነው መርዝ በቤት ውስጥ፣ በምንጣፍና በፍራሽ ሥር፣ ለወራት ሊቆይ ይችላል። ከዚያም በላይ የውሃ ጠርሙስ ውስጥ ያለ ፈሳሽ በሕፃን ዓይን ውሃ ነው። እባካችሁ፣ ስሙ ያልተጻፈበትን ነገር ወደ ቤታችሁ አታስገቡ። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያለሳልስ ቃል የለኝም።

አሁን ወደ በረሮው። ሁለት ዓይነቶች ናቸው ቤታችን የሚገቡት፤ መለየቱም የግድ ነው፤ ምክንያቱም ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

ትንሹ ርዝመቱ ከአንድ ሳንቲ ሜትር ተኩል ብዙም አያልፍም። ፈዛዛ ቡናማ ነው፤ ከራሱ ኋላ ባለው ጋሻ ላይ ሁለት ጥቁር መስመሮች ጎን ለጎን ይታያሉ። የጀርመን በረሮ ይሉታል። ስያሜውን እ.ኤ.አ. በ1767 የሰጠው ስዊድናዊው የተፈጥሮ ተመራማሪ ሊኒየስ ነው፤ ነፍሳቱ ግን ከጀርመን የመነጨ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የዘረ መል ጥናት ከ2,100 ዓመታት ገደማ በፊት በሕንድ ወይም በምያንማር አካባቢ ከእስያ በረሮ ተለይቶ እንደወጣ አሳይቷል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ኑሮው ከሰው ጋር ነው፤ ከሰው ርቆ በዱር የሚኖር የራሱ ዝርያ መንጋ አልተገኘለትም። ሴቷ የእንቁላል ከረጢቷን ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ ከኋላዋ አንጠልጥላ ትዞራለች። በአንዱ ከረጢት ከ30 እስከ 40 እንቁላሎች አሉ። የተፈለፈሉት በሁለት በሦስት ወር ውስጥ ራሳቸው ለመራባት ይደርሳሉ። ፍሪጅ ሥር፣ በካቢኔ ማጠፊያ ውስጥ፣ በምጣዱ ገላ ውስጥ የምታገኙት ይህንን ነው።

ትልቁ አራት ሳንቲ ሜትር ሊደርስ የሚችል፣ ቀላ ያለ ነው። የአሜሪካ በረሮ ይባላል፤ መነሻው ግን የእኛው አህጉር አፍሪካ ነው። ይህኛው በአብዛኛው ቤታችሁ ውስጥ አይኖርም፤ ከፍሳሽ መስመር እየወጣ ይመጣል። ለእሱ ብላችሁ ዘይት አትግዙ። የመታጠቢያ ቤቱን የወለል ፍሳሽ መውረጃ ጠበቅ ባለ ወንፊት ሸፍኑት፤ ማታ ማታ ላዩን ክደኑት፤ ብዙም የማይፈስበት መውረጃ ከሆነ ውሃ እየጨመራችሁ ከሥሩ ያለው ቆልማማ ቧንቧ እንዳይደርቅ ጠብቁ። እኛ ቤት ትልቁ በረሮ የቀረው በዚህ ብቻ ነው።

ከዚህ በኋላ የምናገረው ስለ ትንሹ ነው፤ የሚያስቸግረውም እሱ ነው።

ዘይት ስል የምናወራው ስለሚተን ዘይት ነው። ጠጅ ሳርን በጣታችሁ ስትፈትጉት የሚወጣው ሽታ ያ ነው። ብዙ ጎረቤቶቼ የባሕር ዛፍ ቅጠል ቀቅለው ውሃውን በየጥጉ ይረጫሉ፤ ነገር ግን ቅጠሉ ሲፈላ ዘይቱ ከእንፋሎቱ ጋር ወጥቶ ይሄዳል፤ ድስቱ ውስጥ የሚቀረው ቀለም ያለው ውሃ ነው። እናቶቻችን አረቄ ሲያወጡ እንፋሎቱን ይዘው እንደሚያቀዘቅዙት ሁሉ ዘይቱም የሚገኘው እንፋሎቱ ሲያዝ ነው። በአገራችን ይህ ሥራ ይታወቃል፤ የወንዶ ገነት የግብርና ምርምር ማዕከል በመዓዛማና በመድኃኒትነት በሚያገለግሉ ዕፅዋት ላይ ለረጅም ጊዜ ሠርቷል።

ሌላው ስሕተት የሚፈጠርበት ቦታ የሚጨመቁ ዘይቶች ናቸው። የጥቁር አዝሙድ ዘይት፣ የወይራ ዘይት፣ የኮኮናት ዘይት እነዚህ በአብዛኛው የማይተን ቅባት ናቸው። ካቢኔያችሁን በእነሱ ብትቀቡት ለበረሮው ምግብ አቀረባችሁለት ማለት ነው፤ በረሮ ቅባት ይበላል። የገዛችሁት የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ጠብታውን ነጭ ወረቀት ላይ አድርጉና እስከ ማግሥቱ ተዉት። የሚተነው ዘይት ወረቀቱን ከሞላ ጎደል ደረቅ አድርጎ ይተወዋል፤ የተጨመቀው ወይም በምግብ ዘይት የተቀጠነው ግን ብርሃን የሚያሳልፍ የቅባት ክብ ይተዋል። የቅርንፉድ ዘይት ከባድ ስለሆነ ትንሽ ረዘም ያለ ጊዜ ስጡት። በየሽቶ መሸጫው "የሎሚ ዘይት"፣ "የላቬንደር ዘይት" እየተባለ የሚሸጠው ብዙው ሰው ሠራሽ ሽቶ ነው፤ ጠርሙሱ ላይ የተክሉ ሳይንሳዊ ስም ካልተጻፈበት ለዚህ ሥራ አልገዛውም።

የትኛው እንደሚሠራ በዓይን ብቻ መፍረድ አይቻልም፤ በረሮ ሌሊት ነው የሚወጣው፣ ቀን የምታዩት ትንሹን ክፍል ነው። ስለዚህ ወጥመድ አዘጋጀሁ። የማርማላታ ጠርሙስ ታጥቦ ይደርቃል፤ ሽቅብ መውጣት እንዲችሉ ውጭው በወረቀት ይጠቀለላል፤ የአፉ ውስጠኛ ክፍል ሁለት ጣት ያህል ስፋት ቫዝሊን ይቀባል፤ ከውስጥ በቢራ የራሰ ቁራሽ ዳቦ ይገባል። በረሮው ሽታውን ተከትሎ ይገባል፤ ቫዝሊኑ ያንሸራትተውና መውጣት አይችልም። ጠዋት ላይ የፈላ ውሃ በሳሙና ትደፉበታላችሁ። ይህ ወጥመድ በረሮን አይጨርስም፤ ጥቅሙ የትኛው ጥግ ላይ ብዙ እንዳለ መንገሩ ነው። አንዱን ጠርሙስ ዘይት የነካው ጥጥ አጠገብ፣ ሌላውን ዘይት በሌለበት ተመሳሳይ ጥግ እያደረግሁ፣ ቦታቸውን እያለዋወጥሁ አነጻጸርኋቸው።

የጠጅ ሳር ዘይት በመጀመሪያው ሌሊት ድንቅ ነበር። ዘይቱ አጠገብ ያለው ጠርሙስ ባዶ ሲሆን ሌላው ሞላ። በማግሥቱ ሌሊት ግን በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ጠፋ። ሽታው በእኔ አፍንጫ ገና ነበር፤ በረሮው ግን ንቆት አልፏል።

ባሕር ዛፍ ቤቱን በሙሉ በሽታው ሞላው፤ ልጄም ማሳል ጀመረ። በዚያው ቀን አቆምሁት። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ከማገዶ እጦት ያዳነ ዛፍ ነው፣ አከብረዋለሁ፤ አስም ያለበት ሰው በሚተኛበት ቤት ግን ዘይቱን አላስገባም።

የናና ዘይት ሳይቀንስ የሠራልኝ በመሳቢያ ውስጥ ነው። በቤተ ሙከራ የናና ዘይት በጀርመንም በአሜሪካም በረሮ ላይ ተፈትኖ ሁለቱንም እንደሚያርቅ ታይቷል። ነገር ግን የቤተ ሙከራው ሣጥን ዝግ ነው፤ የእኛ ወጥ ቤት ደግሞ መስኮቱ ሲከፈት፣ ድስት ሲንተከተክ፣ ነፋስ ሲገባ የሚውል ነው። ዘይቱ የሚሠራው እንፋሎቱ እስካለ ብቻ ነውና ዝግ ቦታ ላይ ረዥም ዕድሜ አለው፣ ክፍት ቦታ ላይ ይጠፋል። የማንኪያ መሳቢያ፣ የሽሮና የበርበሬ ቁም ሳጥን፣ የመድኃኒት ሣጥን፦ የናና ቦታው እዚያ ነው።

ከሁሉም የቆየልኝ ቅርንፉድ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የቅርንፉድ ዘይት ዋና ክፍል ዩጀኖል የሚባለው ንጥረ ነገር ሲሆን የሚፈላው በ254 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የባሕር ዛፍ ዘይት ዋና ክፍል ሲኒዮልና የብርቱካን ልጣጭ ሊሞኒን ግን 176 ዲግሪ አካባቢ ይፈላሉ። ከባዱ ቀስ ብሎ ይተናል፤ ስለዚህ ይቆያል። በጥጥ ተነክሮ በቧንቧው ቀዳዳ ዙሪያ የተወተፈ የቅርንፉድ ዘይት እስከ ሳምንት ድረስ ለውጥ አሳይቶኛል። በክፍት ባንኮኒ ላይ ግን እሱም ቢሆን ሁለት ሦስት ሌሊት ነው።

የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ምንም አላደረገም። እናቴ በገጠር ቤቷ መደርደሪያ ላይ ጤና አዳም ማኖር ትወድ ነበርና እሱንም በእቅፍ አሥሬ ካቢኔ ውስጥ ሰቅያለሁ። ቤቱ እንደ እናቴ ቤት ሸተተኝ፤ ለራሴ ደስታ ስል አሁንም አኖረዋለሁ። ጠርሙሶቹ ግን ጤና አዳም ባለበትም በሌለበትም እኩል ነበሩ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ዘይቱን በወጥ ቤቱ ጥግ ሁሉ በብዛት በተጠቀምሁበት ሰሞን ወጥ ቤቱ ጸዳ። ሌሊት መብራት ሳበራ የሚሮጥ ነገር አልነበረም። በዚያው ሰሞን ከሥራችን የሚኖሩት እማማ ደረጃ ላይ አገኙኝና፣ "ልጄ፣ አንቺ ቤት ምን ተረጨ? ሰሞኑን እኔ ቤት ወረደብኝ እኮ" አሉኝ። ደንግጬ ወጥመዶቹን ከወጥ ቤት አወጣሁና በሳሎንና በመኝታ ቤት አስቀመጥሁ። ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተያዙ። ከመጽሐፍ መደርደሪያው ሥር ተያዙ። በልጄ አልጋ ራስጌ ባለው ሶኬት ሥር ያስቀመጥሁት ጠርሙስ ውስጥ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጡ ትንንሾች ነበሩ፤ ይህ ማለት እዚያ ተፈልፍለዋል ማለት ነው።

ዘይቱ ሥራውን ሠርቷል። ከወጥ ቤት አባርሯቸዋል። ለአስም ሕመምተኛ ልጅ ግን ወጥ ቤት ውስጥ ያለ በረሮ ራስጌው ካለ በረሮ ይሻለዋል። በየቦታው ስለ ዕፅዋት ዘይት የሚነገረው ምክር ሁሉ "ይጠፋሉ" ይላል፤ "ይዛወራሉ" የሚል አላጋጠመኝም። እኔን የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

ሊገድላቸውስ አይችልም ወይ? በቀጥታ ሰውነቱ ላይ በብዛት ከፈሰሰበት አዎ፤ ዩጀኖልና ታይሞል የመሳሰሉት የነፍሳትን የነርቭ ሥርዓት ይመታሉ። ታይሞል በእኛው ጦስኝ ውስጥም ያለ ነገር ነው። ነገር ግን በረሮውን አግኝቶ የሚያፈስበት ሰው ከተገኘ ቀለል ያለ የሳሙና ውሃም ይበቃል፤ የሚተነፍስባቸውን የጎን ቀዳዳዎች ይደፍንበታል። ችግሩ ያልታየው ነው። እንቁላሎቹ ደግሞ በጠንካራ ከረጢት ውስጥ ናቸው፤ በቤተ ሙከራ የተፈተኑት የዕፅዋት ዘይት ንጥረ ነገሮች መፈልፈላቸውን ሙሉ በሙሉ ማስቆም አልቻሉም። ዛሬ የራቀው በረሮ ከረጢቷን የተሸከመች ሴት ከሆነች ነገ በሌላ ክፍል ሠላሳ ሆነው ይጀምራሉ።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገለበጥሁት። ዘይቱ መጀመሪያ የሚመጣ ሳይሆን መጨረሻ ላይ የሚመጣ ሆነ።

መጀመሪያ ውሃ። በረሮ ያለ ምግብ ለሳምንታት መቆየት ይችላል፤ ያለ ውሃ ግን ያን ያህል አይቆይም። እዚህ ላይ የአዲስ አበባን ኑሮ ማሰብ አለብን። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሁላችንም በርሜልና ጀሪካን ሞልተን እናኖራለን፤ ሳፋ ውስጥ የተቀመጠ የዕቃ ማጠቢያ ውሃ ያድራል፤ ቧንቧው ውሃ ሲመጣ እንዲያሳውቀን ብለን ከፍተነው እንተወዋለን። እኛ ውሃ ሲጠፋብን በረሮው አይጠፋበትም። በርሜሉን በጠባብ ክዳን መክደን፣ ሳፋውን ማታ ደፍቶ ማድረቅ፣ የሚንጠባጠበውን ቧንቧ ማስጠገን፣ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጁን ጨምቆ መስቀል፣ ከፍሪጁ ጀርባ ሥር ያለውን የውሃ መቀበያ ሳህን አውጥቶ ማድረቅ፤ በእኔ ቤት ከማንኛውም ዘይት በላይ ልዩነት ያመጣው ይህ ነው።

ከዚያ ምግብ። ሁሉም ሰው ጠረጴዛ ይወለውላል፤ እኔ የምላችሁ ግን ምጣዱን ገልብጡት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ገላው ሙቀት ይይዛል፣ ከሥሩ ፍርፋሪ ይከማቻል፣ እግሮቹ ውስጥ ክፍተት አለ። የእኛን ምጣድ ሳስፈታው ካየሁት በኋላ እንጀራ በተጋገረ ቁጥር ሶኬቱን ነቅዬ፣ እስኪቀዘቅዝ ጠብቄ፣ ከሥሩ እጠርጋለሁ። የሊጥ ባልዲው ጠርዝ ላይ የሚደርቀው ሊጥም እንዲሁ። የቡና ሥነ ሥርዓት ካለ የረከቦቱ መሳቢያ ውስጥ የሚፈሰው ስኳር፣ ከሥሩ የሚቀረው የፈንዲሻ ፍሬ። የተቀመጠ ካርቶን ደግሞ ፈጽሞ አላስቀምጥም፤ ለእንቁላል የሚሆነው ትሪም ሆነ ከሱቅ ዕቃ የመጣበት ሣጥን በረሮንና የእንቁላል ከረጢቱን ይዞ ይገባል፤ በረሮው የካርቶኑን ሙጫም ይበላዋል። ዕቃውን በር ላይ አውጥቼ ሣጥኑን እዚያው እጥለዋለሁ።

ቀጥሎ ቀዳዳ። የደረሰ የጀርመን በረሮ ሦስት ሚሊ ሜትር በሆነ ስንጥቅ ይገባል፤ አዲስ የተፈለፈለው ከዚያም በግማሽ ባነሰ። የቧንቧውን ዙሪያ የብረት መፈግፈጊያ ሽቦ ወትፎ በሲሚንቶ መለሰን፣ በካቢኔውና በግድግዳው መካከል ሲሊኮን ማስገባት ይቻላል። አንድ ሲሊኮን ለወጥ ቤቱ በሙሉ በቂ ነው። የሚገርመኝ ነገር ሰው በየወሩ ለመርጫ የሚያወጣው ገንዘብ ለዚህ ሥራ ሲሆን ይከብደዋል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የቀሩትን የጨረሰው ማባበያ ነው። በስሪንጅ የሚመጣ የበረሮ ጄል አለ፤ በምስር ክክ መጠን በማጠፊያዎች ውስጥ፣ በፍሪጁ ሞተር አካባቢ፣ በምጣዱ ማስቀመጫ ጀርባ ይደረጋል። አይረጭም፣ አይተንም፤ ልጄ እጅ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ ስለሚገባ ሐኪሙም ተስማምቶበታል። በረሮው በልቶ ወደ ጎሬው ይመለሳል፤ እዚያ ሲሞት የቀሩት ሬሳውንና ኩሱን ስለሚበሉ መርዙ ወደ እነሱም ይደርሳል። ቦሪክ አሲድም ይሠራል፤ ዱቄቱ ግን በዓይን በጭንቅ የሚታይ ስስ መሆን አለበት፤ ከተከመረ በረሮው ዞሮት ያልፋል። እሱም መርዝ ነውና ሕፃንና የቤት እንስሳ ከሚደርሱበት ይራቅ። ጄሉን ካልነኩት ዓይነቱን ቀይሩት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት አንዳንድ የጀርመን በረሮዎች ግሉኮስ የሚባለውን ስኳር እንደ መራራ የሚቀምሱ ሆነው መገኘታቸውን አሳይቷል፤ ስኳር ያለበትን ማባበያ ሲሸሹ የኖሩት ናቸው ተርፈው የተባዙት።

እዚህ ላይ ዘይት ወዳጆች ልብ በሉ፦ ማባበያ ካለበት ቦታ አጠገብ የዕፅዋት ዘይት ፈጽሞ አታድርጉ። አንዱ ይጠራል፣ ሌላው ያባርራል። ብዙ ሰው ሁለቱን አንድ ላይ አድርጎ "ጄሉ አይሠራም" ይላል። ወለሉን መዓዛ ባለው ሳሙና መወልወልም ያው ነው፤ ጄል ባለበት ሰሞን ሽታ በሌለው ሳሙና እጠቀማለሁ።

ታዲያ ዘይቱ ምን ቀረለት? ለእኔ ዋጋ ያለው ሥራ ቀርቶለታል። ቁጥራቸው ከቀነሰ በኋላ ከጎረቤት በኩል የሚመጡትን ለመመለስና በረሮ እንዳይነካው የምፈልገውን ዝግ ቦታ ለመጠበቅ እንደ ዘይት የሚመች የለም። አሠራሩ እንዲህ ነው። በ200 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ 4 ሚሊ ሊትር ያህል የቅርንፉድ ወይም የናና ዘይት እጨምራለሁ። ዘይትና ውሃ አይዋሐዱምና መጀመሪያ ዘይቱን ከጥቂት ጠብታ ሽታ አልባ ፈሳሽ ሳሙና ጋር አሽቼ ነው ውሃውን የማፈስበት፤ ከዚያም ከመርጨቴ በፊት ሁልጊዜ በደንብ እነቀንቀዋለሁ። ጠርሙሱ ብርጭቆ ቢሆን ይመረጣል፤ እነዚህ ዘይቶች አንዳንዱን ፕላስቲክ ይበሉታል፣ የካቢኔ ቀለምንም ሊያነሡ ስለሚችሉ በማይታይ ጥግ ሞክሩት። ድብልቁ የሚረጨው በቁም ሳጥን ጀርባና በበር ሥር ነው። በቀዳዳ ዙሪያ ግን ሳይቀጠን ሁለት ሦስት ጠብታ በጥጥ አድርጌ እወትፈዋለሁ። ሶኬት ውስጥ ፈሳሽ አይገባም፤ ምግብ በሚቀመጥበት ዕቃ ውስጥም እንዲሁ። ምድጃ በርቶ እያለ አትርጩ፤ ዘይቱ ተቀጣጣይ ነው።

ስለ ጉዳቱም በግልጽ ልናገር፤ "ተፈጥሯዊ ነው" የሚለው ቃል ሰውን ያዘናጋል። ጥቂት የባሕር ዛፍ ዘይት የጠጣ ሕፃን ሊንቀጠቀጥና ራሱን ሊስት ይችላል። የቅርንፉድ ዘይት በሕፃን ከተጠጣ ጉበትን ይጎዳል። ጠርሙሱ የሚቀመጠው ከላይ፣ ተቆልፎ ነው። ልጅ ከጠጣ ለማስመለስ አትሞክሩ፤ ዘይቱ ወደ ሳንባ ሊገባ ይችላልና ጠርሙሱን ይዛችሁ ወዲያውኑ ወደ ሕክምና ሂዱ። ድመት ያላችሁ ደግሞ ከነጭራሹ ተዉት፤ የድመት ጉበት እነዚህን ንጥረ ነገሮች የሚያስወግድበት በቂ አቅም የለውም፤ ፀጉሯ ላይ የነካትን ስትልስ ትመረዛለች። አስም ያለበት ሰው ካለ እሱ በሌለበት ሰዓት፣ መስኮት ተከፍቶ፣ መኝታ ቤትን ሳይጨምር ይሁን። ሽታው እሱን ካስቸገረው ክርክር የለም፣ ይቅር።

እማማ ከነገሩኝ በኋላ ጉዳዩ የአንድ ቤት እንዳልሆነ ገባኝና ከሕንፃችን ኮሚቴ ጋር ተነጋገርን። በአንድ መተላለፊያ ላይ ያሉ ቤቶች በሙሉ በአንድ ሰሞን የቧንቧ ቀዳዳቸውን እንዲደፍኑና ጄል እንዲያደርጉ ተስማማን። ሲሚንቶውን በጋራ ገዛን፤ የእማማን ቤት እኔና ባለቤቴ ደፈንነው። እሳቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ ሐሳብ መሶባቸውን መሬት ላይ ማኖር እንደቻሉ ነገሩኝ። ከላያችን ግን ባለቤቶቹ ውጭ አገር ያሉ ተዘግቶ የሚኖር ቤት አለ፤ ቁልፉን የያዘ ሰው አላገኘንም። በዚያ በኩል በሚወርደው ቧንቧ ዙሪያ የቅርንፉድ ጥጥ አለኝ፣ ከሱ ራቅ ብሎ ደግሞ አንድ የማርማላታ ጠርሙስ። ጥጡን በየሳምንቱ እቀይራለሁ፤ ጠርሙሱ ውስጥ አንድ እንኳ የተገኘ ዕለት በዚያ ግድግዳ ላይ ያለውን ስንጥቅ በሙሉ እንደገና አያለሁ።